የጀልባ መቀመጫ ሌዘር በሁለተኛ በጋው ተላላጠ፤ ልብሱን ብቻ ልቀይር ወይስ ከሥሩ ልጀምር?

የዘጌ_መስመር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እንግዳ የምታመላልስ የፋይበር ግላስ ጀልባ አለች። የመቀመጫዎቿ ልብስ ከተቀየረ ገና ሁለተኛ በጋው ነው፤ አሁን ግን እንግዳ የሚቀመጥበት አልሆነም። እንደገና ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምክንያቱን በትክክል ማወቅ ፈለግሁ።

አራት አግዳሚ መቀመጫ አለ። እያንዳንዱ 120 በ45 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ ከነእንጨቱ 10 ነው። መደገፊያው 120 በ40፣ ውፍረቱ ከነእንጨቱ 6። ከኋላ ጣሪያው የማይደርስባቸው ሁለት የጎን መቀመጫዎች አሉ፤ 180 በ45 በ10፣ መደገፊያ የላቸውም። የነጂው ወንበር ብቻ ከጀልባዋ ጋር ከውጭ የመጣ፣ የሚታጠፍ ዓይነት ነው።

ችግሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ያስቸገረኝም ይኼ ነው። የኋላዎቹ ላያቸው እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይነሳል፤ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ወጥቷል። የመሐሎቹ ሌዘር ደህና ይመስላል፣ ስፌቱ ግን ተተርትሯል፤ ክሩን በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው ብጥስ ይላል። የነጂው ወንበር አልተላጠም፤ ደርቆ ካርቶን ሆኖ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል፣ ጎኑ ላይም በምንም የማይለቅ ሮዝ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ከዚህ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ከሁሉም ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፣ ይሸታል፤ የዝገት ውሃም ነጩ ፋይበር ላይ መስመር ሠርቷል።

እንግዳ ካወረድን በኋላ በኦሞና በበረኪና እናጥባለን። ማታ በሰማያዊ ላስቲክ ጥርቅም አድርገን እንሸፍናለን። የሰፋልን ባለሙያ «ሌዘር ዕድሜው ይኼው ነው» ይላል። እውነት ነው? የትኛውን ሌዘር፣ ስንት ሜትር ልግዛ? ስፖንጁንስ ልተወው እችላለሁ?

መርፌና_ክር

ወንድሜ፣ ዕድሜው ይኼው አይደለም። ለጀልባ ተብሎ የተሠራ ቪኒል፣ ማለትም የፕላስቲክ ሌዘር፣ በትክክል ከተሰፋና ከተያዘ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለግላል። ያንተ መቀመጫ ላይ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው በአንድ ጊዜ ያለቁት፤ ልብሱን ብቻ ብትቀይር ሦስቱ ከሥር ይጠብቁሃል።

ስፌቱን ልጀምርልህ። ሌዘሩ ደህና ሆኖ ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ክሩ የሶፋ ወይም የልብስ ክር ነው ማለት ነው። ጥጥ ያለበት ክር ይበሰብሳል። ናይለን አዲስ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል፣ በረኪናም ይበላዋል። ለጀልባ የሚሆነው «ቦንድድ ፖሊስተር» የሚባለው፣ ውፍረቱ ቴክስ 90 የሆነ ነው፤ የአሜሪካ ጥቅል ላይ ቪ 92 ተብሎ ይጻፋል። ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ አትግዛ፤ ናይለንና ፖሊስተርን በዓይን መለየት አይቻልም።

የስፌቱ ርዝመትም ሌላ ጣጣ አለው። ልብስ ሰፊ እጁ የለመደው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቪኒል ላይ እንዲያ ሲጠጋጋ መርፌው ሌዘሩን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳዋል፣ ሰው ሲቀመጥበትም በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል። ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ መርፌው 110 ቁጥር፣ በሌላው አቆጣጠር 18።

ውሃውና ዝገቱ ደግሞ ከእንጨቱና ከስቴፕለሩ ሽቦ ነው። አንዱን መቀመጫ ፈታ አድርገህ ገልብጠውና ሦስት ነገር ንገረን፦ እንጨቱ ኮምፔርሳቶ ነው ወይስ ቺፑድ? የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው? ሽቦው ማግኔት ይይዛል?

ኬሚስቷ

የመርፌና_ክር ምርመራ ትክክል ነው፤ እኔ በሌዘሩ ላይ ልጨምር።

መላጥና መሰንጠቅ የሁለት የተለያዩ ቁሶች አሟሟት ነው። እንደ ቅርፊት የሚላጠው ፖሊዩረቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት፣ በገበያ ስሙ «ፒዩ ሌዘር» ነው። ለሶፋ የሚሸጠው ለስላሳና ቆዳ መሳይ ሌዘር ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙበት ውሃው የፖሊዩረቴኑን ሰንሰለት ይቆራርጠዋል፤ ሽፋኑ ከጨርቁ ይለቃል። ሳሎን ውስጥ እንኳ በጥቂት ዓመት ይላጣል፣ ጣና ላይ በጋ ከክረምት ሲፈራረቅበት ቢላጥ አይደንቅም። አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው ቀለምም ቅባትም የለም።

የነጂው ወንበር ፒቪሲ ነው፣ ማለትም ቪኒል። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የሚታጠፈው ፕላስቲሳይዘር የሚባል ማለስለሻ ስለተቀላቀለበት ነው። ፀሐይና ሙቀት ቀስ በቀስ ያስወጡታል፤ ናፍታ፣ ቤንዚንና አልኮል ደግሞ ያፋጥኑታል። ሲያልቅ ካርቶን ይሆናል። ከላዩ ያለችው ስስ መከላከያ ሽፋን እያለች ይኼ ሂደት ይዘገያል። በረኪናና ሻካራ ብሩሽ መጀመሪያ የሚፍቁት እሷኑ ነው።

ፀሐዩን አትናቁት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ስለሚጨምር ባሕር ዳር ላይ ያለ መቀመጫ በዚሁ ኬክሮስ ባሕር ወለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል። ከውሃው የሚንጸባረቀውም አለ። ስለዚህ አምራቹ የሚጽፈውን ዕድሜ ለእኛ ሐይቆች ቀንሳችሁ ቁጠሩት።

ሮዙ ነጠብጣብ ቆሻሻ አይደለም፣ ስለዚህ አይታጠብም። እርጥብ ስፖንጅ ወይም እንጨት ውስጥ የሚያድጉ ረቂቅ ነፍሳት ሮዝ ቀለም ያመነጫሉ፤ ቀለሙ በፕላስቲሳይዘሩ ውስጥ ሟሙቶ ከውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። በላዩ የምትቀቡት ነገር ቢያደበዝዘው እንኳ ይመለሳል። ሮዝ ካያችሁ ከሥር ያለው ስፖንጅ ረጥቦ ቆይቷል ማለት ነው፤ በዚያ ስፖንጅ ላይ አዲስ ቪኒል ማልበስ አዲሱንም ሮዝ ማድረግ ነው።

ሱቅ ውስጥ «ማሪን ነው» ቢሏችሁ በሦስት ነገር ፈትኑት።

አንደኛ፣ የመዳብ ሽቦ። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ ሽቦ በፒንሳ ይዛችሁ በቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ነበልባሉ ቀለም መስጠት እስኪያቆም አግሉት። የጋለውን ሽቦ የሌዘሩ ሽፋን ላይ ነክታችሁ ትንሽ ይዞ ሲመጣ ወደ ነበልባሉ መልሱት። ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ፒቪሲ ነው። አረንጓዴ ካልሆነ ፒቪሲ አይደለም፣ አትግዙት። ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ደጅ ሁኑ፤ ናሙናውም ከጥፍር አይብለጥ።

ሁለተኛ፣ የጀርባው ጨርቅ። አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ ፖሊስተር ነው። እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ጀርባ ጀልባ ላይ ይሻግታል።

ሦስተኛ፣ ክብደት። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በወርቅ ቤት ሚዛን መዝኑ። ጥሩ የጀልባ ቪኒል ከ6.5 እስከ 8.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ5 በታች ከሆነ ስስ ነው።

እነዚህ ፈተናዎች የጨረር መከላከያ መኖሩን አያሳዩም፣ ለእሱ የአምራቹ መግለጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ነገር ግን መጥፎውን ከደጅ ይመልሱላችኋል።

ሚኒሶታ_ሐይቅ

ስለ ነጂው ወንበር አጭር ነገር ልበል። የሚታጠፍ የፕላስቲክ አካል ካለው ማልበስ ላያዋጣ ይችላል፤ ሙሉውን መቀየር ይቻላል። መጀመሪያ ከሥር ያሉትን አራት የብሎን ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል ለካ። ብዙዎቹ በየጎኑ 5 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ያንተም እንደዚያ ከሆነ አዲሱ አሮጌው እግር ላይ ይገጥማል። መታጠፊያው ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበሩት ነቶች ዝገው የሚሽከረከሩ ከሆነ ልብስ ላይ ገንዘብ አታጥፋ።

ጀልባዋ የአሜሪካ ሥራ ከሆነች ከኋላ በቀኝ በኩል ከላይ 12 ፊደልና ቁጥር የያዘ የአካል መለያ ታገኛለህ። ብዙ አምራቾች በዚያ ቁጥር የተሰፋ ልብስ ብቻውን ይሸጣሉ።

አዲስ ጀልባ ለሚገዙም ልጨምር፤ የመቀመጫ ዋስትና ብዙ ጊዜ ከአካሉ ዋስትና ያጠረ ነው። ሻጋታ፣ የፀሐይ መደብዘዝና የጽዳት ኬሚካል ጉዳት በአብዛኛው አይሸፈንም። የተተረተረ ስፌትና ከጨርቁ የለቀቀ ሽፋን ግን የሥራ ጉድለት ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። ለመክሰስም ሆነ ለመጠየቅ መቀመጫውን ሳትፈታው ፎቶ አንሳ፤ ከሥሩ ያለውን ወረቀት፣ ስፌቱን በቅርብ፣ ሙሉውን ከሩቅ። ጥያቄውን በጽሑፍ ላክ። የሚጸዳው በምን እንደሆነ ይጠይቁሃል፤ በረኪና ካልክ እዚያው ያቆማል።

የዘጌ_መስመር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዱን የመሐል መቀመጫ ፈታሁት። እንጨቱ ቺፑድ ነው፤ ጠርዙ አብጦ በጣት ይፈረካከሳል። ቀዳዳ የለውም። የስቴፕለሩ ሽቦ ማግኔት ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ግማሹ ዝጎ አልቋል። ስፖንጁ ከሥር ጥቁር ነው። የመዳብ ሽቦው ፈተና የኋላዎቹ ላይ አረንጓዴ አልሰጠም፣ የነጂው ላይ ሰጠ፤ እህቴ ኬሚስቷ እንዳለችው።

እንግዲህ ከሥር ልጀምር። ሜትሩንና አሠራሩን በዝርዝር ንገሩኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ላሠራው ነው።

መርፌና_ክር

ጥሩ። እንግዲያው አሮጌውን ስፖንጅና ቺፑድ ጣለው፣ ምንም አይተርፍበትም። ልብሱን ግን አትጣል፤ የአንዱን ስፌት ፈትተህ ለልኬት ያዘው።

እንጨቱ። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ውሃ በሚችል ሙጫ የተጣበቀ። ሻጩን አትመን፤ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጠይቀህ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቀቅላት። ንብርብሩ ከተለያየ የቤት ውስጥ ነው። ቆርጠህ ስታበቃ የላዩን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አድበልብለው፣ ስለቱ ቪኒሉን ከውስጥ ይቆርጠዋል። ለ120 በ45 መቀመጫ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 12 ቀዳዳዎች ብሳ፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ከዚያ ኢፖክሲ ወይም የጀልባ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀባ። ዋናው ጠርዙና የቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጎኑ ነው፣ ሰው ግን ላዩን አሳምሮ ጎኑን ይረሳል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታልብሰው። ክረምት ላይ ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ የእንጨቱን ሥራ ግንቦት ሳያልቅ ጨርስ፤ ስፌቱ በዝናብ ወቅት ቤት ውስጥ ይደርሳል።

ስፖንጁ። ለመቀመጫው በሜትር ኩብ 35 ኪሎ የሚመዝን ይሁን፤ ለመደገፊያው 25 ይበቃል። ሱቅ ውስጥ «ሃርድ ነው» ይሉሃል፤ ጥንካሬና እፍግታ አንድ አይደሉም፣ በጣት ተጭነህ አታውቀውም። መዝነው። የአንድ መቀመጫ ስፖንጅ 121 በ46 በ9 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ 1.75 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት። አንድ ኪሎ ካልሞላ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ በመጀመሪያው በጋ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ልብሱ ይላላል፣ የላላ ልብስ ደግሞ በየእጥፋቱ ይሰነጠቃል። ከእንጨቱ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አስፍቼ የቆረጥኩልህ ልብሱ ጥብቅ ብሎ እንዲይዝ ነው።

ውሃ በቀጥታ የሚያሳልፍ፣ ቀዳዳው ክፍት የሆነ የጀልባ ስፖንጅ አለ፤ ካገኘኸው ጣሪያ ለሌላቸው ለኋላዎቹ ብቻ ግዛው፣ ዋጋው ከባድ ነው። ስፖንጁን ከእንጨቱ ጋር በማስቲሽ አምስት ቦታ ነካ ነካ አድርገህ አጣብቅ፣ ሙሉውን አትለቅልቅ። ሽታው እስኪጠፋ ጠብቅ፤ ያልደረቀ ማስቲሽ ቪኒሉን ከውስጥ ያቆሽሸዋል።

ሜትሩ። የቪኒል ጥቅል ብዙውን ጊዜ 137 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከመግዛትህ በፊት ለካው፤ 140 ብለው የጨርቁን ባዶ ጠርዝ ጨምረው የሚሸጡ አሉ። የመቀመጫው ቁራጭ 150 በ75 ነው፣ ማለትም በየጎኑ 10 ለቁመቱ፣ 5 ለሥር ማጠፊያ። የመደገፊያው 140 በ60፤ በየጎኑ 6 ለቁመት፣ 4 ለማጠፊያ። 75ና 60 ሲደመር 135 ስለሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን ልክ ገጠሙልህ። የመደገፊያውን ማጠፊያ 5 ብታደርገው ግን 137 ይሞላና መቀስ የሚያልፍበት አይኖርም፣ ስለዚህ 4 ላይ ቁም። አራቱ አግዳሚ በ1.5 ሜትር ሒሳብ 6 ሜትር፤ የጎን ሁለቱ 2.1 ሜትር ሲሆኑ 4.2፤ ድምር 10.2። የጥቅሉን እንከንና የመቁረጥ ስህተት አስበህ 11.5 ግዛ። ከጎኖቹ የሚተርፈው 62 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቁራጭ ነው፤ የነጂውን ወንበር ለማልበስ ብትወስን ከእሱ ይወጣል። ሁሉንም ከአንድ ጥቅል ግዛ፣ ነጭና ነጭ አይመሳሰልም።

አሰፋፉ። አሮጌው ልብስ የላዩ ቁራጭና የዙሪያው መቀነት ተሰፍተው የተገጣጠሙ፣ ላዩም ላይ ለጌጥ መስመር የወረደበት ይሆናል። እሱን አትድገመው። መሐሉ ላይ የሚወርደው የጌጥ ስፌት ውሃ የሚወርድበት የቀዳዳ ሰልፍ ነው፤ ስፖንጅህን ያጠቆረው በአብዛኛው እሱ ነው። ላዩን ሳትሰፋ አንዱን ሙሉ ቁራጭ ከላይ ወደ ታች አጥፈው፤ አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ከላይ ወደ ታች የምትወርድ 10 ሳንቲ ሜትር ስፌት ይኑር። ቀዳዳው ሁሉ ጎን ላይ ስለሚሆን ውሃ ይወርዳል እንጂ አይተኛበትም። በስፌት መኪና ስትሰፋ ጨርቁን ከላይም ከታችም የሚጎትት እግር ያለው ይሁን። እሱ ከሌለ ቴፍሎን እግር ይተካዋል፤ ተራው የብረት እግር ቪኒል ላይ ይጣበቅና ስፌቱን ያሳጥረዋል።

አወጣጠሩ። ቪኒሉን ከማልበስህ በፊት ፀሐይ ላይ ጥቂት አሙቀው፣ ይለሰልሳል። ገልብጠህ መጀመሪያ የፊቱን መሐል፣ ቀጥሎ የኋላውን መሐል፣ ከዚያ የግራና የቀኙን መሐል አንድ አንድ ሽቦ ምታ። ሽቦው ስቴንለስ፣ እግሩ 10 ሚሊ ሜትር። ከመሐል ወደ ማዕዘን እየተጓዝክ በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ ምታ። ማዕዘኑ መጨረሻ ነው። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሐሉ ላይ የማይጠፋ መጨማደድ ያገኛል። እስኪጮህ አትወጥረው፤ ሽቦው አጠገብ ቪኒሉ ነጣ ካለ በዝቷል።

ከሥር ቀዳዳዎቹን በላስቲክ አትድፈን። ወንፊት መሳይ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ካለህ እሱን፣ ካልሆነ ባዶውን ተወው። በእያንዳንዱ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያነሱ አራት የጎማ ማረፊያ ግጠም፤ እንጨቱ ፋይበሩ ላይ ከተኛ ቀዳዳው ምንም አልጠቀመም።

ሐዋሳ_ዳር

በስፖንጁና በቪኒሉ መሐል ስስ ላስቲክ የሚያለብሱ አሉ፣ ያንን አልነካህም። እኔ አልደግፈውም። ቀን ሲሞቅ ከውስጥ የሚተነው እርጥበት ላስቲኩ ሥር ጤዛ ሆኖ ስፖንጁን ይመልሰዋል።

መርፌና_ክር

ላዩ ስፌት ለሌለው መቀመጫ ላስቲኩ አያስፈልግም፣ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ የለምና። ላዩ የተሰፋ ከሆነ፣ ለምሳሌ የነጂው ወንበር፣ አደርገዋለሁ፤ ግን ላዩንና ጎኑን ብቻ፣ ሥሩ ክፍት ሆኖ። አንተ የምትለው ጤዛ የሚመጣው እንደ ከረጢት ዙሪያውን ሲታሸግ ነው፣ እዚያ ላይ እንስማማለን። ስፖንጁ ሲለብስ ደረቅ መሆኑ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ኬሚስቷ

አዲሱ ከመጣ በኋላ በረኪናውን አቁሙ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በጨርቅ ማድረቅ። ሳሙናው ካልተለቀለቀ ላዩ ላይ ደርቆ ቆሻሻ ይይዛል። ለማብረቅ ናፍታም፣ የመኪና ዳሽቦርድ ቅባትም አታስነኩት።

ከበረኪና ቀጥሎ ሰው የማይጠረጥረው እንግዳው ራሱ የተቀባውን ነው። የፀሐይ ክሬም ቪኒል ላይ ሲቀር ቢጫ ያደርገዋል። ዲት የሚባል ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ደግሞ ፕላስቲክ ያሟሟል፤ ሰው እየረጨ መዳፉን መቀመጫው ጠርዝ ላይ ሲያሳርፍ የጣቱ ምልክት የሚቀርበት ለዚህ ነው። በየቀኑ ማታ እጅና ጭን የሚያርፍባቸውን ቦታዎች በሳሙና ውሃ ጥረጉ፣ ለሳምንት ጽዳት አታቆዩት። የጀልባው ልጆች መከላከያው ከመሳፈር በፊት ወደቡ ላይ እንዲረጭ ቢጠይቁ ብዙ ይተርፋል።

ሰማያዊውን ላስቲክ አየር በሚያስወጣ ሸራ ተኩት፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ውሃ እንዲያፈስ፣ ጎኑ በእጅ ስፋት ክፍት እንዲሆን። መቀመጫዎቹ የሚነሱ ከሆነ ማታ በጎናቸው አቁሟቸው።

የዘጌ_መስመር

ገባኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ነጭ ልድገመው ወይስ ቆሻሻ የማያሳይ ጥቁር ሰማያዊ ላድርገው? ሁሉንም በአንዴ ለማሠራትም አቅሙ የለም።

መርፌና_ክር

ጥቁር ሰማያዊ በሐምሌም ቢሆን ፀሐይ ስትወጣ ያቃጥላል፣ አጭር የለበሰ እንግዳ አይቀመጥበትም፤ ሙቀቱም ማለስለሻውን ቶሎ ያስወጣዋል። ፈካ ያለ ግራጫ ወይም የአሸዋ ቀለም ውሰድ፤ እንደ ነጭ ዓይን አያንጸባርቅም፣ የጭቃ እግርም ብዙ አያሳይም።

አቅሙ ካልፈቀደ ቪኒሉን ሙሉ 11.5 ሜትር አሁኑኑ ግዛ፣ ቀለሙ በኋላ አይገኝም። ጥቅሉን ሳታጥፈው በካርቶን ቱቦ ላይ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሥራውን ከኋላዎቹ ሁለቱ ጀምር፤ ተላጠው ያለቁት እነሱ ናቸው፣ ጣሪያም የላቸውም። የመሐሎቹ ሌዘር ገና ስለሚይዝ ለአንድ ወቅት ስፌታቸውን በአዲሱ ክር በድሮው ቀዳዳ በእጅ አሰፋቸው፤ አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሳ ለሰፊው ንገረው። ቺፑዳቸውን ግን አሁኑኑ ቀይር፤ እሱ እያለ ሽቦ አይይዝም።